የሴቶቹ ሜዳ

ፍሬጃ ሜዳው ላይ መውጣት የጀመረችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሁን ስልሳ ስምንት ሞልቷታል፤ ከተቀመጠችበት ስትነሣ ጉልበቷ ያስቸግራታል፣ ዓይኗም መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃተው ሰንብቷል፤ ሜዳው ላይ ግን እግሯ አይስትም። ሜዳ የሚሉት ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ጥልቁ እስከሚጀምርበት አፋፍ ድረስ የተነጠፈውን የኮራል ወለል ነው። ባሕሩ ሲሞላ ጀልባ ያልፍበታል፤ ሲሸሽ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም። ያን ጊዜ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ የብረት ሜንጧቸውን ይዘው ኦክቶፐስ ፍለጋ ይወጣሉ። ሴቶቹ ሜዳው ላይ ካሉ ደግሞ በመንደሯ በራስ ሱዌዳ አንድም ወንድ ባሕሩ ዳር ዝር አይልም፤ ነውር ነው። ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ይቀመጣል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ስለ ግመል ያወራል። ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ስለሆነ፣ የራስ ሱዌዳ ወንዶች ባሕር የእኛ ነው እያሉ ደረታቸውን ሲነፉ፣ ደጃቸው ላይ ያለውን ሜዳ ደርቆ አንድ ቀን እንኳ ሳያዩት እንደሚሞቱ ልብ ያለው የለም።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የሽርሽር ጀልባ፣ ነጂው ተኝቶ ይሁን ሰክሮ አላህ ይወቅ፣ የሜዳው ጫፍ ላይ ወጥቶ ተቀረቀረ። ጎትተው ሲያወጡት ደግሞ ሲመጣ ከሰበረው ይልቅ ሲሄድ የሰበረው በዛ። ከዚያ ወዲህ ዓሣው ሸሸ፣ ኦክቶፐሱም ሳሳ። ሩቅ ድረስ ይሄዱ ከነበሩት ሴቶች አንዳንዶቹ ሞቱ፣ አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ተከትለው ከተማ ገቡ፤ የቀሩት ዳር ዳሩን ይለቃቅማሉ እንጂ ወደ ጫፉ አይደፍሩም። እስከ አፋፉ የምትሄድ ፍሬጃ ብቻ ቀረች።

የልጅ ልጇ ሳብሓ ትምህርቷን ጨርሳ ከጡር ከተማ የተመለሰችው ይሄኔ ነው። የፍሬጃ ልጅ፣ የሳብሓ እናት ራብዓ በወለደች በሦስተኛው ቀን ስትሞት፣ ፍሬጃ ያቺን ጨቅላ የፍየል ወተት በጣቷ ጫፍ እያስላሰች ነው ያቆመቻት። ከዚያ በኋላ ፍርሃት አልለቀቃትም። የድንጋይ ዓሣ፣ ድንጋይ መስሎ የሚተኛው መርዘኛ፣ በእሾሁ ይወጋብኛል ብላ ልጅቷን አንድ ቀን እንኳ ሜዳው ላይ አላወጣቻትም። ሌሎቹ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው የኦክቶፐሱን ጉድጓድ ሁሉ በስም በስሙ ሲያስተምሩ፣ የእሷ ሳብሓ ዳር ላይ ተቀምጣ አሸዋ ትቆፍር ነበር።

ሳብሓ ስትመለስ ሐሳብ ይዛ መጣች፤ አስተማሪዋን ዶክተር ማህሩስንም ይዛ መጣች። ዶክተሩ መነጽሩን በሲባጎ አንገቱ ላይ ያሰረ፣ ለሰላምታ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ አሸዋው ላይ የወደቁትን፣ ገና ነፍስ ያላቸውን የኮራል ስባሪዎች መልቀም፣ አለቱ ላይ በሲሚንቶ ማጣበቅ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ማንም ሳይነካቸው መተው። ያድጋሉ፤ ዓሣውም ይመለሳል። ከመንደሩ ወጣቶች ዘጠኙ ተከተሏት። ፍሬጃም በልቧ ኮርታ ነበር፣ ሳብሓ ሴቶቹን ሰብስባ እስክትናገር ድረስ።

«ኮራል ድንጋይ አይደለም፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው» አለች ሳብሓ። «ሲረግጡት ይሞታል። ሁሉንም ጀልባው ላይ አናላክክ። የኛም ሴቶች እግር ስንት ዓመት ሲገድለው ኖሯል።»

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው የፍሬጃን እግር አዩ። ፍሬጃም አየችው።

«ይቺ እግር ናት አንቺን ያሳደገችሽ» አለች፤ ቀስ ብላ ስለተናገረች ግን የሰማት አልነበረም።

በማግስቱ ዶክተሩ በመንደሩ ሽማግሌ በሼህ ሽቴዊ ግቢ ወንዶቹን ሰብስቦ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጫፉ ላይ ያለው ሰፊው አለት ዓመቱን ሙሉ ከውሃ በታች ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወሩ ጥር ነበር፤ በብርዱ ወራት ባሕሩ ይሞላል፣ ውሃው እዚያ ጋ ወገብ ይደርሳል። ወንዶቹ እየተቀባበሉ፣ «ወላሂ፣ ውሃ ተለይቶት አያውቅም!» አሉ። አልዋሹም። ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ለሚኖሩ ሰዎች እውነት ነው።

ፍሬጃ ፍየሎቿን እየነዳች ከአጥሩ ጀርባ ስታልፍ ይህን ሰማች። በሙቀቱ ወራት ማብቂያ፣ ጨረቃ በምትጠፋበት ሰሞን፣ ያ አለት ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ እህል ደርቆ እንደሚውል የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። አፏን ከፈተች። ከዚያ ሴቶቹ እግሯን ያዩበት አስተያየት ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። እስቲ የተማሩት ይድረሱበት አለች በልቧ። ፍየሎቿንም ያለ ጥፋታቸው «ሂዱ ወዲያ!» ብላ ጮኸችባቸው።

ሁለት መቶ አርባ ስባሪ አለቱ ላይ ተከሉ። ሳብሓ በየሳምንቱ ዋኝታ እየሄደች ትለካቸዋለች፤ እራት ላይ ዳቦውን ትታ፣ «ያ ሐምራዊው እኮ የጥፍር ያህል ጨመረ፣ እማማ!» ትላለች። ፍሬጃ ዛሬ እነግራታለሁ ትላለች። ግን ዛሬ ብትነግራት «እስከ ዛሬስ የት ነበርሽ?» መባል አለ። በየካቲት ቀላል የነበረው ነገር በግንቦት ከበደ፤ በሐምሌ ደግሞ ጭራሽ አልነሣ አለ። መቼም እኔ አልፈርድባትም፤ እንዲህ ያለ ነገር አፉ ውስጥ ይዞ ያልከረመ ሰው ካለ እሱ ይፍረድባት።

በነሐሴ መጨረሻ ሳብሓ የፈቃድ ወረቀት ልታስጨርስ ለሦስት ቀን ጡር ሄደች። በሁለተኛው ቀን ባሕሩ ሸሸ። ፍሬጃ ሜንጦዋን ይዛ ብቻዋን ወጣች። ሁለት መቶ አርባዎቹ ረድፍ ረድፋቸውን ይዘው አየር ላይ ቀርተዋል፤ ላያቸው ላይ ያለው ልጋግ እየደረቀ ነው፣ ሽታቸው ከሩቅ ይመጣል። ፀሐዩ አናቷን እስኪመታት ድረስ ቆማ አየቻቸው። ያን ቀን ኦክቶፐስ ሳትይዝ ተመለሰች።

ሳብሓ ስትመጣ ባሕሩም ተመልሶ ነበር። ዋኝታ ሄደችና ስትወጣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሁሉም ሞተዋል። ዶክተሩ በስልክ፣ «ዘንድሮ ውሃው ሞቆ ነው መሰለኝ፣ ይቅርታ» አላት። ልጅቷ እርጥብ ፀጉሯን አያቷ ጭን ላይ ጥላ አለቀሰች።

«ምን አጥፍቼ ነው፣ እማማ? ምኑን ነው ያላወቅኩት?»

«ምንም አላጠፋሽም፣ የኔ እናት» አለች ፍሬጃ፣ ፀጉሯን እየደባበሰች። እውነቷን ነበር። ይህንን ብቻ ነበር በእውነት ልትናገር የምትችለው።

ወር ሙሉ ሳብሓ ዝም አለች። ከዝምታዋ ያወጣቻት፣ እሷ ኻላ፣ አክስቴ የምትላት ጎረቤታቸው ጁሜዓ ናት። ጁሜዓ ከተራራው ተድራ የመጣች ሴት ናት፤ አርባ ዓመት ባሕር ዳር ኖራ ዛሬም እግሯን ውሃ አታስነካም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ጀመረች።

«እናንተ የባሕር ሰዎች ሥርዓት የላችሁም። እኛ አገር ሸለቆው ሲራቆት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው በመሐላ ይዘጉታል። ፍየል አይገባም፤ ያስገባ ፍየሉን ያጣል። ሳሩ አርፎ ይመለሳል። የናንተ ባሕር ምን የተለየ ነገር አለው? እርጥብ መሆኑ ነው?»

ሳብሓ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ወላሂ እውነትሽን ነው፣ ኻላ ጁሜዓ! እኛ ተከልን እንጂ ማንንም አላማልንም። በሙቀቱ ነው የሞቱት፤ አሁን ብርዱ ሳይገባ ብንተክል ጠንክረው ይቆዩታል። እዚያው አለት ላይ፣ ግን በመሐላ!»

«ታዲያ ወጉን ልንገርሽ» አለች ጁሜዓ። «ከመዘጋቱ በፊት ቦታውን የሚጠቀም ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ ተነሥቶ የሚያውቀውን ይናገራል። ምንጩ የት ነው፣ ጎርፉ በየት ይመጣል፣ ፍየል የሚገድለው ቅጠል የት ይበቅላል። የሚያውቀውን የደበቀ ካለ መሐላው አይጸናም።»

«ደግሞ ቢሞቱስ?» አለች ፍሬጃ፣ ዓይኗን ከብርጭቆዋ ሳታነሣ።

«ደግሞ ከሞቱማ ማን ይከተለኛል፣ እማማ? ጡር ሄጄ ቢሮ እቀጠራለሁ። በዒድ በዒድ መጥቼ አይሻለሁ።»

ፍሬጃ ያን ሌሊት ነገሩን አገላብጣ ያላየችው መሰላችሁ? አገላብጣዋለች። ዝም ካለች ስባሪዎቹ በሚመጣው ነሐሴ ይሞታሉ፣ ልጅቷም ትሄዳለች። ከተናገረች ደግሞ ዛሬውኑ ልታጣት ነው። በዓለም ላይ ሌላ ሰው የላትም። ከራብዓ የተረፈቻት ይቺው ናት።

መሐላው የሼህ ሽቴዊ ግቢ ውስጥ ሐሙስ ጠዋት ተያዘ። ሴቶቹ ግድግዳው ሥር፣ ወንዶቹ ጥላው ሥር ተቀመጡ። ሼሁ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ናቸው።

«ጮክ ብላችሁ ተናገሩ» አሉ። «ጆሮዬን ግመል ረግጦታል፤ ደግሞ ጥሩ ግመል አልነበረም።»

ወንዶቹ ተራ በተራ መልሕቅ የት እንደሚጣል፣ መረብ የት እንደሚያዝ ተናገሩ። ሴቶቹ ዳር ዳሩን ተናገሩ። ጁሜዓ እንኳ ተነሥታ፣ «እኔ ይህን ባሕር አላውቀውም፣ ማወቅም አልፈልግም፣ ግን እምላለሁ» ብላ ሰውን አሳቀች። ከዚያ የፍሬጃ ተራ ደረሰ። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች።

«ሰፊው አለት ይደርቃል» አለች። «በነሐሴ መጨረሻ፣ ጨረቃ ስትጠፋ። ከጠዋት እስከ ቀትር ውሃ የለውም። የሳብሓን ስባሪዎች ሙቀት አይደለም የገደላቸው። ሜዳው ደርቆ ነው። እኔ አውቅ ነበር። ጥር ላይ ሲጠየቅ እዚሁ አጥር ጀርባ ነበርኩ። ዝም አልኩ።»

ሼህ ሽቴዊ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ግራ ቀኙን አዩ።

«ምን አለች? አልሰማኋትም። ምን አለች?»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ደግሞ የሚነግራቸው ጠፋ። ፍሬጃ ጥቂት ጠበቀች። ማንም እንደማያግዛት ሲገባት ሁለት እርምጃ ወደ ሼሁ ተጠጋችና፣ ያንኑ ኃፍረቷን መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ጮኸችው።

«አውቅ ነበር፣ ዝም አልኩ! ሲሞቱም ቆሜ አየሁ! ሰሙኝ?»

«ሰማሁ» አሉ ሼሁ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሰማሁሽ፣ ልጄ።»

«ገና አልጨረስኩም። ከአለቱ በስተጀርባ፣ ወደ አፋፉ ሃያ እርምጃ ሄዶ አንድ ጎድጓዳ አለ። እናቴ ድስቱ ነበር የምትለው። በዕድሜዬ ደርቆ አላየሁትም። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ የእኔና የእናቴ ማደኛ ነው። ከእንግዲህ የሁላችሁም ነው። የሚተከለው እዚያ ነው። እኔም አልረግጠውም፤ እምላለሁ።»

ሳብሓ ተነሣች። አያቷን አላየቻትም፤ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ ወጥታ ሄደች። መሐላው ያለ እሷ አለቀ፤ ከነገው የዐሥር ሶላት ጀምሮ ሜዳው ለሁለት ዓመት እንዲዘጋ ተባለ። ልጅቷ ያን ቀን ጁሜዓ ቤት ዋለች፣ እዚያው አደረች። ፍሬጃ ሁለት ሰው የሚበላው ራት ሠርታ፣ ሳትነካው ለፍየሎቹ ሰጠችው።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ባሕሩ መሸሽ ጀመረ። ወንዶቹ እንደ ደንባቸው ጀልባቸውን ትተው ወደ ተራራው ዞሩ። ፍሬጃ ዳር ላይ ተቀምጣ፣ ሜንጦዋን ቤት ትታ፣ ውሃው ሲሄድ ታያለች። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች፤ አልዞረችም። ዞራ በሳብሓ ፈንታ ጁሜዓን ብታይ መሸከም የምትችል አልመሰላትም።

«ድስቱን አሳዪኝ» አለች ሳብሓ። ዓይኗ ሲያለቅስ እንዳደረ ያስታውቃል። «እስከ ዐሥር ሰዓት ክፍት ነው።»

ፍሬጃ ተነሣች። ወጡ። ሳብሓ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቅ ሜዳ ላይ ቆመች፤ ጥቂት እንደሄደች እግሯ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«እሱን አይደለም!» አለች ፍሬጃ፣ ክንዷን ይዛ። «ቡናማው ሕያው ነው። ግራጫውን፣ የሞተውን ርገጪ፤ ቀጥሎ አሸዋውን። እኛ በዘፈቀደ እንሄድ ነበር መሰለሽ እንዴ? ሕያው ይሰበራል፣ እግርም ይቆርጣል።»

ሳብሓ ቆም አለች። «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን እንዲህ አላልሽኝም? ሴቶቹ ፊት ስናገርሽ?»

«ስለተቀየምኩሽ ነው። ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትሽም። ተሳስቼ የረገጥኩት ብዙ ነው።»

ሰፊው አለት ላይ ደረሱ። ሙቀቱ ገና አላለፈም፣ ጨረቃም ዳግም ጠፍታለች፤ ደርቆ ነበር። የሲሚንቶው ጉብታዎች ረድፍ ረድፋቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ስባሪዎቹ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ደርቆባቸዋል። ሳብሓ አጎንብሳ አንዱን በጣቷ ነካች። ከዚያ ሳትነሣ ጠየቀች።

«ስታያቸው ደስ ብሎሽ ነበር?»

ፍሬጃ ውሸት ሞልቷት ነበር። ደንግጬ ነው፣ ጉልበቴ ከድቶኝ ነው፣ ምን ላድርግ ብዬ ነው፤ ሁሉም አፏ ላይ ተሰለፉ።

«አዎ» አለች። «አንድ ቀን። አንቺ እስክትመጪ ድረስ። እግሬ አይደለም የገደላቸው አልኩና ደስ አለኝ። ከዚያ መጥተሽ ጭኔ ላይ አለቀስሽ፤ ከዚያ ወዲህ ደስታ የሚባል አላየሁም።»

ሳብሓ ተነሣች። ወደ አፋፉ ሃያ እርምጃ ሄዱ። ድስቱ ጋ ሲደርሱ ውሃው ደረት የሚደርስ፣ የጠራ ነበር። ውስጡ ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ ቡናማው ኮራል ጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልቶታል፤ ጀልባው አልደረሰበትም፣ ፀሐዩም አልደረሰበትም። ትናንሽ ዓሦች እየገቡ ይወጣሉ። ሳብሓ አፏን በእጇ ያዘች። ስድስት ወር ሙሉ በመዋኛ መነጽር አጠገቡ ስትዋኝ አላየችውም ነበር።

«እናቴን አምጥተሻት ታውቂያለሽ? እዚህ?»

«አንድ ጊዜ። አንቺን አርግዛ። እዚያ ጋ ተቀምጣ እግሯን ውሃው ውስጥ ዘፍዝፋ ነበር።»

ሳብሓ የተባለው ቦታ ሄዳ ተቀመጠች። እግሯን ውሃው ውስጥ አደረገች። ፍሬጃ ቆማ ጠበቀቻት፤ መቅረብ ይፈቀድላት እንደሆነ አላወቀችም።

«ይቅር አላልኩሽም፣ እማማ» አለች ሳብሓ፣ ውሃውን እያየች።

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ ነገ የሚያልፍ አይደለም። በጣም ረጅም ጊዜ ነው የምቆጣሽ።»

«ተቆጪ፣ ልጄ። መብትሽ ነው። ግን ስልሳ ስምንት ሞልቶኛል፤ ቶሎ ቶሎ በይ።»

ሳብሓ ሳቋ አመለጣት። ልትመልሰው ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ ከሳቁ ጋር ልቅሶውም መጣ። በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገችና ጎኗ ያለውን አለት በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ነይ፣ ተቀመጪ። ቆመሽ አታድክሚኝ።»

ፍሬጃ ጉልበቷን እየረገመች ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሳብሓ ኪሷ ውስጥ ከነበረው ደብተር አንድ ገጽ ገለጠች።

«ከቅዳሜ ጀምሮ ጀልባው ላይ ትቀመጫለሽ» አለች። «እግርሽን አታወርጂም። የት እንደሚተከል አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኛ እንተክላለን። አሁን ንገሪኝ፤ በነሐሴ ውሃው እስከ የት ይወርዳል?»

ፍሬጃ ጎንበስ ብላ ጠርዙ ላይ አንድ ቦታ በጣቷ አሳየቻት። ሳብሓ ጻፈች።

«ሌላስ?» አለች።

ሌላውንም ነገረቻት፤ የሚቀጥለውንም። ባሕሩ መመለስ እስኪጀምር ድረስ ስትጠይቃትና ስትነግራት ቆዩ።